የጨው ውሃ አኳሪየም፦ ከመስታወቱ በፊት ውሃው ይለካ

በገበያችን ቡና ሳይቀመስ ደረጃ አይወጣለትም። ወርቅ ካራቱ ሳይታወቅ አይመዘንም። ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ ዘንቢሉ ውስጥ እጁን ሰዶ ገለባና አፈሩን ያያል። የጨው ውሃ አኳሪየም የሚገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ መስታወቱ ስፋት፣ ስለ መብራቱ ቀለምና ስለ ዓሣው ውበት ነው። ስለ ውሃው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ገንዘቡ የሚጠፋው ደግሞ በውሃው በኩል ነው።

ነገሩን በጉርድ ሾላ መነጽር እንየው። ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የገበያ ማዕከል፣ ሆቴል፣ ቢሮና ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ተደርድሯል። የእንግዳ መቀበያውን ወይም ሳሎኑን ለማሳመር ገንዘብ ሊያወጣ የሚችል ደንበኛ ያለው እዚህ ነው። ከሶፋና ከመጋረጃ ቀጥሎ ሰው ዓይኑን የሚጥልበት ጌጥ ቢኖር በባሕር ዓሣና በኮራል የተሞላ ገንዳ ነው። ዳሩ ግን ሶፋ አይሞትም። ይህ ጌጥ ሕይወት አለው፣ በየቀኑ ይበላል፣ በየቀኑ ውሃውን ያቆሽሻል።

አበው “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” ይላሉ። ለአኳሪየም ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። ዓሣ የሚገድለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ለዓይን የሚያስደስት ነው። አሞኒያ በሚጎዳ መጠን ሲገኝ በዓይን አይታይም። የጨው መጠን ከልክ ሲያልፍም ውሃው መልኩን አይለውጥም። የሚያሳየው መለኪያ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ውሃውን መለካት የማይፈልግ ሰው የባሕር ዓሣ ባይገዛ ይሻለዋል። መመርመሪያውን ከገንዳው ጋር የማያቀርብ ነጋዴም ግማሽ ዕቃ ሸጦ የሙሉ ዕቃ ዋጋ ተቀብሏል ማለት ነው።

ጨው ሁሉ ባሕር አይሆንም

ጨው ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። አሞሌ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌም ዋጋው ዝቅ ይል ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ በአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው ጨው ተቋርጦ የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው “ጨው በአገር ሞልቶ ለአኳሪየም ለምን ከውጭ ይገዛል?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ በቁጥር ሲቀመጥ ግልጽ ነው። በ1 ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው አለ። ከዚህ 86 በመቶ የሚሆነው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ የገበታ ጨው ማለት ይኸው ነው። የቀረው 14 በመቶ ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔትና ሌሎች ጥቃቅን ማዕድናት ናቸው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በካልሲየሙ ነው፤ ውሃው በአንድ ሌሊት ወደ አሲድነት እንዳይወርድ የሚይዘው ባይካርቦኔቱ ነው። የገበታ ጨው ይህን አይሰጥም። ወጥ የሚያጣፍጥ ጨው ገንዳ ውስጥ ቢገባ ውሃውን ያመርረዋል እንጂ ባሕር አያደርገውም።

የሀይቆቻችን ውሃም እንደዚሁ ነው። የአቢያታ ውሃ ይጎመዝዛል፤ ነገር ግን በውስጡ የበዛው የሶዳ ጨው ነው፤ ለሶዳ አሽ ማምረቻ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ፒ.ኤች. የሚባለው የአሲድነት መለኪያ የባሕርን ውሃ 8.2 አካባቢ ሲያሳይ በአቢያታ ወደ 10 ይጠጋል። የባሕር ዓሣ እዚያ ውስጥ አይኖርም።

“ታዲያ ከጅቡቲ በጀሪካን ላስመጣ” የሚልም አይጠፋም። በወደብ አካባቢ የሚቀዳ ውሃ የመርከብ ዘይትና የከተማ ፍሳሽ ሊኖርበት ይችላል። በበረሃው ሙቀት በመኪና ላይ ሲሰነብት ደግሞ በውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይሞቱና ውሃውን ያበላሹታል። ከባሕር የራቀ ሰው ይህ ችግር ሲገጥመው የእኛ የመጀመሪያ አይደለም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ለለንደን ነዋሪዎች ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የሚዘጋጅበትን ቀመር ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ በከረጢትና በባልዲ የሚሸጠው የአኳሪየም ጨው የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው።

ሂሳቡን እናስላው። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ቢያንስ 7 ኪሎ የአኳሪየም ጨው ይፈልጋል። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 20 ሊትሩ ቢቀየር ሌላ 700 ግራም ይሄዳል። በዓመት 36 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። ጨዉ እርጥበት ስላለው በሚዛን ሲታይ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ሻጩ ይህን ወጪ በሽያጩ ቀን ካልነገረዎ የነገረዎ ዋጋ የገንዳው እንጂ የአኳሪየሙ አይደለም።

ከቧንቧና ከሮቶ የሚመጣው

ጨዉ የሚሟሟበት ውሃ ከየት ይመጣል? የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ለብዙ ዘመን በለገዳዲ ውሃ ሲጠቀም ቆይቷል። የቧንቧ ውሃ በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን ለሰው ጤና ጠባቂ ነው፤ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ግን ያቃጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ ሁሉም ሮቶ አለው። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳው ክሎሪኑ ትኩስ ነው፤ ሮቶ ውስጥ ቀናት የሰነበተው ክሎሪኑ ሊቀንስ ይችላል፤ የጉድጓድ ውሃ የተቀላቀለበት ከሆነ ማዕድኑ ይለያል። ባለፈው ሳምንት የተቀዳው ውሃ ደህና ስለነበረ የዛሬውም ደህና ነው ብሎ መደምደም አያስተማምንም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ማጣሪያ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ለቤት በሚሆን መጠንም ይሸጣል። ማጣሪያው ሥራውን መሥራቱን የሚነግረው እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ቲ.ዲ.ኤስ. ሜትር ነው። ከማጣሪያው በወጣው ውሃ ውስጥ ሲነከር ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማሳየት አለበት። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ የማጣሪያው ዕድሜ አልቋል። ከመዳብ ወይም ከነሐስ የተሠራ የቧንቧ ዕቃ ያለበት ቤት መዳብ መለካትም ይኖርበታል፤ ጥቂት መዳብ ዓሣውን ባይገድለው እንኳ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይፈጃል።

የምረቃው ቅዳሜ

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። እንበልና አንድ ሆቴል ቅዳሜ ይመረቃል። ባለቤቱ ረቡዕ ዕለት ደላላ ጠርቶ “እስከ ዓርብ ገንዳው ሞልቶ ዓሣ ይግባበት” ይላል። ደላላው ኮሚሽኑን ያስባል፣ ሻጩ ሽያጩን ያስባል። ዓርብ ማታ 10 ዓሣ ይገባል። ቅዳሜ እንግዳው ሁሉ ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሣል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ዓሦቹ አንድ በአንድ እየተገለበጡ መንሳፈፍ ይጀምራሉ። ባለቤቱ “የታመመ ዓሣ ሸጡልኝ” ይላል፤ ሻጩ “ምግብ አብዝተውበት ነው” ይላል። ሁለቱም ውሃውን አልለኩም።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ከዓሣው እዳሪና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይፈጠራል። በቆየ ገንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቋጥኙ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ የሚራቡት ቀስ ብለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ገና የሉም። የባሕር ውሃ ፒ.ኤች. ከፍ ያለ በመሆኑም አሞኒያው ይብሳል፤ ፒ.ኤች. በ1 ሲጨምር መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል።

ስለዚህ ገንዳው ዝግጁ ነው የሚባለው ቀን ተቆጥሮ አይደለም፤ ተለክቶ ነው። አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወጣና ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲረጉና ናይትሬት ሲታይ ያኔ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ይገባል። ምረቃው ቅዳሜ ከሆነ ውሃው ከሁለት ወር በፊት መሞላት ነበረበት። ይህን ለባለሀብቱ ፊት ለፊት የሚነግር ደላላ ኮሚሽኑ ይገባዋል።

ውሃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። እነዚህ ሁሉ በገንዳው ላይ ይታያሉ።

መጀመሪያ ትነቱን እንውሰድ። ከ200 ሊትሩ ገንዳ በቀን 2 ሊትር ቢተን በ10 ቀን 20 ሊትር ይጎድላል። የተነነው ንጹሕ ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ በሙሉ ቀርቷል። በ1 ሊትር 35 ግራም የነበረው ወደ 39 ግራም ይጠጋል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ደግሞ በየጊዜው ተጨማሪ ጨው እያስገባ ነው። የተነነው የሚተካው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። የጨው ውሃ የሚጨመረው ውሃው ተቀድቶ ሲቀየር ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ የቤት ሠራተኛ ወይም የጽዳት ባለሙያ በቅንነት ሲሞላ ገንዳውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን ያላስረዳው ባለቤት ነው።

ሁለተኛው አየሩ ነው። በከተማችን ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ባቄላ የምትቀቅል እናት በማገዶዋ ታውቀዋለች። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። የጨው ውሃ ራሱ ከጣፋጭ ውሃ ያነሰ ኦክሲጅን ነው የሚይዘው። እንግዲህ በዱባይ ወይም በጅቡቲ 10 ዓሣ የሚችል ገንዳ ጉርድ ሾላ ላይ 10 ዓሣ በምቾት ይችላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕ የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ከመድን አይለይም። ማሞቂያው ሲቆም የሌሊቱ ብርድ ስለሚገባ ቴርሞሜትሩም ከዓይን መራቅ የለበትም።

ቆርጠው የሚያስቀምጡት

ገንዳ ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ አንባቢ የሚከተሉትን ቁጥሮች ቆርጦ ከገንዳው ጎን ቢለጥፋቸው ይጠቅሙታል። ጨው፦ በሊትር 35 ግራም፤ በሃይድሮሜትር ሲለካ ከ1.025 እስከ 1.026። ሙቀት፦ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ። ፒ.ኤች.፦ ከ8.1 እስከ 8.4። አሞኒያና ናይትራይት፦ ዜሮ። ናይትሬት፦ ዓሣ ብቻ ላለበት በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች፣ ኮራል ላለበት ከ10 በታች ቢሆን ይመረጣል። ኮራል የሚያሳድግ ሰው በተጨማሪ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊግራም መሆኑን ይከታተል።

አዲስ ገንዳ በየሁለት ቀኑ ይለካል። የረጋ ገንዳ አሞኒያው፣ ናይትራይቱና ናይትሬቱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጨዉና ሙቀቱ ግን በየጊዜው ይታያል። ውጤቱ በደብተር ይጻፍ። ነጋዴ የዕለት ሽያጩን ካልመዘገበ በዓመቱ መጨረሻ ማትረፉን እንደማያውቅ ሁሉ፣ ናይትሬቱ ከ5 ወደ 10 ከ10 ወደ 20 መውጣቱን የሚያሳየውም የተጻፈ ተከታታይ ቁጥር ነው።

መለኪያውም ራሱ ይመረመር። በጠብታ የሚሠሩት መመርመሪያዎች የአገልግሎት ዘመን አላቸው፤ ያለፈበት ጠብታ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፣ ዜሮው ግን ሐሰት ነው። በአንዳንድ መመርመሪያ የጣፋጭ ውሃና የጨው ውሃ የቀለም ሰሌዳ ይለያያል፤ የአንዱን ለሌላው መጠቀም ያሳስታል። ቀለሙ የሚነበበው በቀን ብርሃን፣ ከበስተኋላው ነጭ ወረቀት ተይዞ እንጂ በገንዳው ሰማያዊ መብራት ሥር አይደለም። ብልቃጡ በሚለካው ውሃ ይታጠብ። በናይትሬት መመርመሪያ ውስጥ ካሉት ጠብታዎች አንዱ በደንብ ካልተናጠ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ መመሪያውን ማንበብ ይገባል። ጨው የሚለካው ሪፍራክቶሜትርም መጠኑ በሚታወቅ 35 ግራም ማስተካከያ ፈሳሽ በየጊዜው ይታረም። ሚዛኑን ያላስመረመረ ነጋዴ በቅን ልቡም ቢሆን ያጭበረብራል።

ነጋዴው ምን ይላል?

አንዳንድ ሻጭ “ይህን ሁሉ ለደንበኛ ብንነግር ማን ይገዛል?” ሊል ይችላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ጥቂት ገዢ ይሸሻል። ነገር ግን የሚሸሸው ሰው ዓሣው በሁለተኛው ሳምንት ሞቶበት የሻጩን ስም በየሠርግ ቤቱ የሚያነሣው ሰው ነው። መሸሹ ለሻጩም ይበጃል። የሚቀረው ደንበኛ ግን ገንዳውን አንድ ጊዜ፣ ጨዉን፣ ጠብታውንና የማጣሪያ ዕቃውን ደግሞ ዓመት እስከ ዓመት ይገዛል። የዚህ ንግድ ትርፍ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ሌላው “ዓሣ ነው እኮ፣ ሲሞት ይተካል” የሚለው ነው። በምን ይተካል? ዕቃው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ የዛሬው ምትክ በትናንቱ ዋጋ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከዚያም በላይ ከባሕር ጌጥ ዓሦች አብዛኞቹ ከኮራል ቋጥኝ የሚጠመዱ ናቸው፤ እንደ ክላውን ያሉ ጥቂቶች ናቸው በእርባታ የሚገኙት። እዚህ በቸልታ የሞተው ዓሣ እዚያ ሌላ ዓሣ እንዲጠመድ ያዝዛል።

ምን ይደረግ ለሚለው ሦስት ነገር በቂ ነው። ሻጩ ከገንዳው ጋር ዘመኑ ያላለፈበት መመርመሪያ በዋጋው ውስጥ አስገብቶ ያቅርብ፤ ዓሣውን ሲያስረክብ ዓሣው የነበረበትን ውሃ ጨው፣ ፒ.ኤች.፣ አሞኒያና ናይትሬት ከደረሰኙ ጋር ጽፎ ይስጥ። ገዢውም የራሱን ውሃ ለክቶ ውጤቱን ሳያሳይ ዓሣ አይሸጥለት። ደላላው ደግሞ የዓሣውን ኮሚሽን የሚቀበለው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸው በሁለቱም ወገን ፊት ከታየ በኋላ ይሁን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ይህን መብት በአኳሪየም ገበያ ለመጠየቅ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጉርድ ሾላ ለመመርመር እንግዳ የሆነ ሠፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ላይ ሲመራመር የኖረው፣ ከ1994 ወዲህ ኢልሪ በሚል ስም የሚታወቀው ተቋም ግቢ እዚሁ ነው። ላምና በግ በቁጥርና በናሙና በሚጠኑበት ሠፈር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዓሣ በግምት ሊያዝ አይገባም።

“ዓሣ ግማቱ ካናቱ” ይባላል። በአኳሪየም ግን ግማቱ ከውሃው ነው የሚጀምረው፤ ውሃውም ከመግማቱ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ በጠብታ ይናገራል። ገንዳ ሊገዙ ያሰቡ ሁሉ ስለ ዓሣው ዋጋ ከመከራከራቸው በፊት ሻጩን “ውሃህን ለክተህ አሳየኝ” ይበሉት። ማሳየት ካልቻለ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ።